ወደ ሰሜን የሚዞረው ፎቅ

ነቀምቴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርህ ልጄ ለኢዮስያስ፣

ጤናህ፣ ሥራህ፣ የሰው አገር ኑሮህ እንደምን ነው? እኔ በፈጣሪ ቸርነት ደኅና ነኝ። የነቀምቴ ዝናብ ዘንድሮ መስከረም ካለፈም በኋላ አላባራ ብሎን ነበር፤ አሁን ገና ቆርቆሯችን ጸጥ ብሏል።

ደብዳቤው ከማን ነው ብለህ እንዳትቸገር፣ አሰፋች ጫንያለው ነኝ። እናትህ እማዋይሽ የአጎቴ ልጅ ናት። አንተን ያየሁህ አንዴ ብቻ፣ በአራት ዓመትህ፣ እናትህ ለሰርግ ይዛህ መጥታ ነው። የሥዕል ጠረጴዛዬ ሥር ገብተህ አልወጣም ብለህ ሰርገኛውን ሁሉ አስቁመሃል። የኢሜይል አድራሻህን የሰጠችኝ እሷ ናት፤ «ልጄ አንካራ ውስጥ የትልልቅ ፎቅ ነዳፊ ነው» ብላ፣ በስልክ እንኳ ኩራቷ ይሰማል።

እኔ እዚህ ቴክኒክ ኮሌጅ የሕንፃ ንድፍ ሳስተምር ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። አሁን የመምህራን ማኅበራችን ጨለለቂ ሠፈር ውስጥ መሬት አግኝቶ ፎቅ ሊሠራ ተነሥቷል። ታቹ ሱቅ፣ ላዩ ለሴት ተማሪዎች ማደሪያና ማንበቢያ። ከሲሬ፣ ከኑኑ ቁምባ ለትምህርት የሚመጡት ልጆች የሚከራዩትን ክፍል ብታየው ያሳዝንሃል። መስኮት ስለሌለው ደብተራቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ቆመው ነው የሚያጠኑት። ማኅበሩ እስከ መጋቢት 20 ንድፍ ያለው ሁሉ ያቅርብ ብሏል። እኔም ላቀርብ ነው። ተማሪዬ የነበረው ኢቢሳ ፈቃድ ያለው ቢሮ ስላለው በቢሮው ስም ሊፈርምልኝ ተስማምቷል።

ታዲያ ዘመኑ ተለወጠ፣ በእጅ የተሣለ ነገር ዛሬ የሚያይ የለም አሉኝ። አንተ የምትሠራበትን የኮምፒውተር መንገድ እንድታስተምረኝ ነው ልመናዬ። የኮምፒውተር ክፍሉን የያዘችው መምህርት ናኦሚ ቅዳሜ ቅዳሜ ልታስገባኝ ፈቅዳለች። ሰነፍ ተማሪ አልሆንብህም።

የአባቶችህ አምላክ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ።

አሰፋች


አንካራ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አሰፋች፣

እንደምን ከርመዋል? ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እዚህ አገር በአማርኛ የሚጽፍልኝ ከእናቴ በቀር ሰው የለም፤ እሷም የምትልከው ድምፅ ነው። ጠረጴዛው ትዝ አይለኝም፣ ግን አምናለሁ፤ እስከ ዛሬም ከጠረጴዛ ሥር አልወጣሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእጅ ሲሠሩ መስመር ይሥላሉ። በዚህ ፓራሜትሪክ በሚባለው ሶፍትዌር ግን የሚጽፉት ደንብ ነው። ለምሳሌ የወለሉን ብዛት አንድ ቦታ በቁጥር ያስቀምጣሉ። ከዚያ ዓምዱም፣ ደረጃውም፣ መስኮቱም በዚያ ቁጥር ላይ ይታሰራል። ቁጥሩን ሲለውጡ የታሰረው ሁሉ አብሮ ይለወጣል። እኛ ቢሮ አሁን የያዝነው ሃምሳ ሁለት ፎቅ ነው፤ እያንዳንዱ ወለል ከበታቹ ካለው ትንሽ ትንሽ እየዞረ ሕንፃው እንደ ገመድ ተገምዶ ይወጣል። ያን ሁሉ የሚያዞረው አንድ ቁጥር ነው ቢባሉ ማን ያምናል?

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ትምህርቶች ጽፌ አያይዣለሁ። ሥራ ስለሚበዛብኝ መልሴ ቢዘገይ አይቀየሙኝ።

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።

ኢዮስያስ


ነቀምቴ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዮስያስ፣

የላኪውን ሰላምታ የሚያደርስ አምላክ የኔንም ያድርስልህ። ስድስቱን ትምህርት ጨርሻለሁ። አራተኛው ላይ ሁለት ቅዳሜ ተጣብቄ ቀረሁ፤ ናኦሚ እየሳቀች «እትዬ፣ ኮምፒውተሩን አይቆጡት፣ ተማሪ አይደለም» አለችኝ።

የተገመደ ሕንፃ ያልከው መጀመሪያ አልጣመኝም። ለታይታ የተሠራ መሰለኝ። ኋላ ግን ጨለለቂ ወርጄ ቦታውን በሜትር ለካሁት። አስፋልቱ ከቦታው ፊት ለፊት በሰያፍ ነው የሚያልፈው። ሱቆቹ መንገዱን ካላዩ ገበያ የላቸውም። ላዩን ደግሞ እንደ ሱቆቹ ካቆምኩት የከሰዓቱ ፀሐይ ልጆቹ ዓይን ውስጥ ይገባል። ለንባብ የሚሆነው ብርሃን የሰሜኑ ነው፣ አይነድም፣ አይሸሽም። ከመንገዱ እስከ ሰሜን ያለው ልዩነት ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ሆነ። ከምድር ቤቱ በላይ ዘጠኝ ወለል አለን። ሠላሳ ስድስት ለዘጠኝ ሲካፈል አራት። በየወለሉ አራት ዲግሪ ብናዞረው፣ እግሩ ወደ ገበያ፣ ፊቱ ወደ ሰሜን ይሆናል። ይህን ሳሰላው ብቻዬን ሳቅኩ።

ሠርቼ ልኬልሃለሁ። ዓምዶቹ ግን አብረው ዘመሙብኝ፤ ለዘመመ ዓምድ ካሳፎርማ፣ የአርማታ መያዣውን ጣውላ፣ የሚመታ አናጢ ደግሞ ከየት አመጣለሁ? እባክህ እየው።

ደግሞም ስለ ራስህ ምንም አትጽፍም። ማን ያበስልልሃል? ከማን ጋር ትውላለህ?

ሰላም ዋልልኝ።

አሰፋች


አንካራ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አሰፋች፣

እንደምን አሉልኝ? እኛ ቢሮ ለመገመድ ምክንያት ፍለጋ ስንባክን እርስዎ ከመንገዱ አገኙት። እውነቴን ነው፣ ቀናሁ።

ዓምዶቹን ቀጥ አድርጌ አቁሜያቸዋለሁ፤ አይዞሩም። መሐል ላይ በክብ ይቆሙና የሚዞረው የወለሉ ጠርዝ ብቻ ይሆናል። ማንኛውም አናጢ ይሠራዋል። ደረጃው ስለጠበበ እሱንም ዓምዶቹንም ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ገፋ አድርጌያለሁ። ሁሉንም አይቼዋለሁ፣ አያስቡ፣ እንዳለ ያቅርቡት።

እኔ ደኅና ነኝ። ሥራ ብቻ ነው።

ኢዮስያስ


ነቀምቴ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዮስያስ፣

ጥምቀቱን እንዴት አሳለፍከው? እኛ በደስታ ነው የዋልነው። ጎረቤቶቼ የመካነ ኢየሱስ ሰዎች ቢሆኑም ታቦት ሲያልፍ ልጆቻቸውን ይዘው ወጥተው ቆመው አዩልን።

ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንደ ቁጣ አትቁጠርብኝ። የላክልኝን ሥራ በስክሪን ሳየው ያምር ነበር። እኔ ግን እጄ ያልነካውን አላምንም። የወለሎቹን ልክ አሳትሜ፣ መቶ ጊዜ አሳንሼ አሥር ካርቶን ቆረጥኩ። ዓምዶቹ በሚቆሙበት ቦታ በየካርቶኑ ቀዳዳ በሳሁና የሹራብ መርፌ አስገባሁ። መርፌው እስከ ሦስተኛው ወለል ደኅና ሄደ። ከዚያ ቀዳዳው መሸሽ ጀመረ። ዘጠነኛው ላይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ስቶ አንዱ ዓምድ የካርቶኑ ጠርዝ ላይ ወጣ። በእውነተኛው ቤት ከአንድ ሜትር በላይ ማለት ነው፤ ዓምዱ ከወለሉ ጫፍ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ምክንያቱንም አገኘሁት። ዓምዶቹን ሁለት ሜትር ስትገፋ ወለሉ የሚዞርበትን ማዕከል በነበረበት ትተኸዋል። ወለሎቹ ዓምዶቹን ሳይሆን ባዶ ቦታ ነው የሚዞሩት።

ይህን ተማሪ ቢሠራው አልደነቅም። በየቀኑ ሃምሳ ሁለት ፎቅ የሚያዞር ሰው እንዴት ሳተው? ደክሞህ ነው? ለማረም ሞከርኩ፣ ሌላው ሁሉ ተፈታብኝ። ካንተ በቀር የሚያውቀው የለምና ቶሎ ጻፍልኝ።

አሰፋች


ነቀምቴ፣ የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢዮስያስ ልጄ፣

ከአንድ ወር በላይ ሆነ፣ ድምፅህ ጠፋ። እናትህን ጠየቅኳት፤ «ደኅና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» አለችኝ። እኔ ግን የአስተማሪ ልብ አለኝ። ተማሪ ጥግ ሄዶ ሲቀመጥ የቤት ሥራው ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ስለ ፎቁ ልጠይቅህ አይደለም የምጽፈው። ስለ ራሴ የደበቅኩህን ልነግርህ ነው። ዘመኑ ተለወጠ ያልኩህ ግማሽ እውነት ነበር። ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶኛል፣ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም አለ። ሰሌዳ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር አልችልም፤ ተማሪ አውጥቼ እንዲያሰምር አደርጋለሁ፣ «እናንተ ልመዱ» እያልኩ። ማንም አያውቅም። በዕድሜዬ አንድ ቤት ልሠራ ፈልጌ፣ እጄ ጥሎኝ ሲሄድ ነው ወደ አንተ የመጣሁት።

ይኸው ነገርኩህ። አንተም የምትነግረኝ ካለ፣ ስሕተትህን ቆጥሬ የምይዝ ሰው አይደለሁም። ከሌለም ደኅና ነኝ ብቻ በለኝ።

እመ ብርሃን ትከተልህ።

አሰፋች


አንካራ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አሰፋች፣

ይቅርታዎን እለምናለሁ። አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ ልጽፍ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ።

እኔ ቢሮ የለኝም። የተባረርኩት መስከረም ላይ ነው፣ ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት። ሥራ ቀነሰና መጀመሪያ የተቆረጥነው የውጭ አገር ሰዎች ነን። የሃምሳ ሁለት ፎቁን ሕንፃ እውነት ሠርቻለሁ፤ ግን የሠራሁት ከሠላሳኛው እስከ ሠላሳ አራተኛው ያለውን መጸዳጃ ቤት ነው። አሁን ከከተማው ዳር አንድ የቁም ሣጥን መሥሪያ ውስጥ የወጥ ቤት ዕቃ መደርደሪያ እለካለሁ። የእርስዎን ሥራ የምሠራው እዚያው፣ በምሳ ሰዓት፣ የባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ነው። ዓምዶቹን የገፋሁ ዕለት መሐል ላይ ጠርተውኝ ተነሣሁ፤ ስመለስ ማዕከሉን እንዳላዛወርኩ ረሳሁት። «አይቼዋለሁ» ያልኩዎትም ሳላየው ነው። እርስዎ በካርቶን ባያገኙት ኖሮስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

እናቴ አታውቅም። የምትነግራቸው ሰዎች በዙ፤ በበዙ ቁጥር መናገሩ ከበደኝ።

የእጅዎን ነገር ሳነብ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ ሥራውን ከመጀመሪያው ፈትቼ ሠራሁት። ማዕከሉ አሁን ከዓምዶቹ ጋር ታስሯል፤ ዓምዱ ቢሄድ አብሮ ይሄዳል። አንድ ነገርም ጨመርኩ፦ አራት የሚለውን ቁጥር አጠፋሁት። በምትኩ «ሠላሳ ስድስትን ለወለሉ ብዛት አካፍል» የሚል ደንብ ጻፍኩ። አደራዎን፣ አሁንም አይመኑኝ። ካርቶኑን ይቁረጡ።

ኢዮስያስ


ነቀምቴ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለሥራ ባልደረባዬ ለኢዮስያስ፣

እንኳን ደስ ያለህ ብዬ ልጀምር፣ ሰላምታው ኋላ ይደርሳል!

ካርቶኑን ቆረጥኩ፤ መርፌው ከላይ እስከ ታች ወረደ። ንድፉን በቀኑ አስገባሁ። ትናንት ጠዋት ኮሚቴው ጠራን። ሰባት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢው ኦቦ ጋሩማ ይባላሉ፤ በጡረታ ያሉ የሒሳብ መምህር ናቸው፣ ዋዛ አያውቁም። ከእኔ ሌላ የቀረው ከአዲስ አበባ የመጣ የአንድ ቢሮ ወጣት ነበር። የሱ ሕንፃ ቀጥ ያለ፣ መስታወት በመስታወት። ምስሉ ያብለጨልጫል። መብራት ስላልነበረ ከናኦሚ የተዋስኩት ላፕቶፕ በባትሪ ነው የሚሠራው፤ በልቤ ባትሪውን እለማመጣለሁ።

ገና ሳንጀምር ኦቦ ጋሩማ አንድ ወረቀት አወጡ። «የአፈሩ ምርመራ ትናንት ደረሰ። መሬቱ ከምድር ቤቱ በላይ ስድስት ወለል እንጂ ዘጠኝ አይችልም ይላል። የሁለታችሁም ዘጠኝ ነው። ምን ይሻላል?»

ወጣቱ ጨዋ ልጅ ነው። «አንድ ወር ብትሰጡን ከልሰን እናመጣለን» አለ።

«አንቺስ አሰፋች? ስንት ወር?»

«ወንበርዎን ቀረብ ያድርጉት» አልኳቸው።

ሁሉም ከበቡኝ። እጄ ያንን ቀን ይባስ ብሎ ነበር። የወለሉ ብዛት ያለበትን ቦታ ለማግኘት ሁለቴ ሳትኩ፤ ከኮሚቴው አባላት አንዷ የሆኑት አዴ ዘርፈሽ እጄን ሲያዩ አየኋቸው። በግራ እጄ ቀኙን ያዝኩና ዘጠኙን አጥፍቼ ስድስት ጻፍኩ።

ሕንፃው ከስክሪኑ ጠፋ። ልቤም አብሮ ጠፋ። ከዚያ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ እየተደረደረ መጣ፤ ስድስት ወለል፣ እያንዳንዱ ስድስት ዲግሪ የዞረ፣ የላይኛው ያው ወደ ሰሜን። ደረጃው ገጥሟል። ዓምዶቹ መሐል ላይ ናቸው።

ኦቦ ጋሩማ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው፣ «ስድስት ጊዜ ስድስት» አሉ፣ ለራሳቸው። «ሠላሳ ስድስት። ዱጋ ዳ፣ እውነት ነው። የመስኮቱስ ቁጥር?»

«ራሱ ቆጥሮታል።» አሳየኋቸው። እሳቸው ግን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ቆጠሩት፤ ገጠመ።

አዴ ዘርፈሽ በበኩላቸው፣ «የወለሉ ማዕዘን ከበላዩ ካለው እየወጣ ነው። የኛ ዝናብ እዚያ ላይ ይተኛል» አሉ። ደግ ጥያቄ ነው። ጠርዙ ሁሉ ወደ ውጭ ዘንበል እንዲል ማድረጌን፣ ከሥሩም ውኃው ወደ ግድግዳው እንዳይመለስ መስመር መቁረጤን አሳየኋቸው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እጅሽስ፣ ደኅና ነሽ?» አሉኝ።

ደብቄው የኖርኩትን በሰባት ሰው ፊት ተናገርኩ። «አዎ አዴ ዘርፈሽ፣ ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ነው ይህን የተማርኩት። ያስተማረኝ አንካራ ያለ የአጎቴ ልጅ ልጅ ነው፤ ግማሹ ሥራ የሱ ነው።»

ወደ ውጭ አስወጡን። ወጣቱ አጠገቤ ቆሞ፣ «እናቴ፣ ያንን ደንብ እንዴት ነው የጻፉት?» አለኝ፤ ነገርኩት። ገና ሳልጨርስ ኦቦ ጋሩማ በሩን ከፍተው፣ «ባዬ ገለቶሚ አሰፋች፣ እናመሰግናለን። መስከረም ላይ ቁፋሮ እንጀምራለን» አሉ።

ይኸው ነው። አሁን ሰላምታዬ፦ እንደምን ነህ?

አሰፋች


አንካራ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ እትዬ አሰፋች፣

ደብዳቤዎን መሥሪያ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ማንም አማርኛ አይሰማም፣ ግን አናጢዎቹ መጋዛቸውን አቁመው አጨበጨቡ።

በዚያው ቀን እናቴ ጋ ደወልኩ። መባረሩንም፣ መጸዳጃ ቤቱንም፣ ቁም ሣጥኑንም ነገርኳት። እኔ መስመሩ ተቋረጠ ብዬ «ሃሎ» ስል፣ «እንጀራህን በእጅህ እየበላህ ነው አይደል?» አለችኝ። «ነው» አልኩ። «ታዲያ ምን ያስደብቅሃል፣ የኔ ሞኝ?» ይኼው ብቻ። ሰባት ወር የፈራሁት ይኼው ነበር።

አሁን የምለምንዎ እኔ ነኝ። ግንበኞቹ በየወለሉ ማዕዘኑ የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ሥዕል ያስፈልጋቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ወለል አንድ፣ በሜትር የተጻፈ። ያንን እኔ ልሥራ። ለአንድ ትንሽ ቢሮም የእኛን ሕንፃ አሳየኋቸውና በሳምንት ሁለት ቀን ና ብለውኛል። ቁም ሣጥኑን አልተውኩም፤ ባለቤቱ ደግ ሰው ነው።

እጅዎን ይባርክልኝ።

ኢዮስያስ


ነቀምቴ፣ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዮስያስ፣

በሄድክበት ሞገስ አይለይህ። እኛ ደኅና ነን። ሥዕሎችህን ፎርማኑ በላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው፤ «ይህ ልጅ ግንበኛ ያውቃል» ይልሃል። መሠረቱ ኅዳር ላይ አለቀ፤ ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ሶሌታ፣ የሱቆቹ ጣሪያ የሚሆነው ወለል፣ አርማታ ተሞላ። ትናንት የጠርዙ ካሳፎርማ ተነሥቶ፣ ስድስት ዲግሪ የዞረው ማዕዘን በመንገዱ ላይ ወጣ ብሎ ለሰው ሁሉ ታየ።

ጉድ ፈላ! ባጃጁ ቆመ፣ ገበያተኛው ቆመ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ «ጀልኣ ዳ! ጠማማ ነው! ሰው ላይ ሳይወድቅ አስቁሙት!» ብለው ጮኹ። ግማሹ ሰው ግንበኞቹ ሰክረው ነው አለ። ከቀትር በፊት ለማዘጋጃ ቤት አቤቱታ ገብቶ፣ አንድ ሠራተኛ ሜትርና ቅጽ ይዞ መጣ።

«እማማ፣ ይህ ወለል ከታቹ ጋር አልገጠመም» አለኝ።

«አዎ፣ በስድስት ዲግሪ አልገጠመም። የሚቀጥለው በአሥራ ሁለት ነው።»

ትክ ብሎ አየኝ። ክርክር አልጀመርኩም፤ በመወጣጫው ይዤው ወጣሁ። ለካ። ከፎርማኑ ሥዕል ጋር አመሳከረ። እንደገና ለካ። የመጨረሻው ወለል ፊቱን ወዴት እንደሚያደርግ፣ ለማን እንደሚሠራ ነገርኩት። ከሲሬ የመጣ ልጅ ኖሯል፤ እህቱ እዚህ ተከራይታ ትማራለች። ቁጭ ብሎ ቅጹን ሞላ። ከታች ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ ሽማግሌውም ከነከዘራቸው።

ወርዶ አነበበላቸው፣ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። ግልባጩን ስለሰጠኝ ቃል በቃል እገለብጥልሃለሁ፦

«ሕንፃው ጠማማ መሆኑ ተረጋግጧል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ሥራው ይቀጥል።»

አሰፋች